ውሃው ሳይዞር

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እንላለን። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንላለን። ተረቶቻችን ዓሣን ሲገማ ወይም ሲጎረጎር እንጂ ሲኖር አያውቁትም። ስለዚህ «መቱ ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት ለዓሣ ውሃ ያሞቃል» ቢባል ሰሚው ቢስቅ አይፈረድበትም። የከተማው ሰው እንኳ በማለዳ ፊቱን የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው!

አሞቂው የታላቅ እህቴ ልጅ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፣ ሦስት ዓመት ሥራ ፈለገ፣ አጣ። አሁን እናቱ ሻይ ቤት ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አቁሞ፣ ከአዲስ አበባ በፌስታል ውሃ ውስጥ ያመጣቸውን ዓሦች ያኖራል። አባቱ ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሹም ናቸው። «ልጅ አስተምሬ የዓሣ ሞግዚት አተረፍኩ!» ይላሉ። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ ክርክሩ ጦፎ ደረስኩ። አባትየው ከመስከረም በፊት ገንዳው ተሽጦ ልጁ አዲስ አበባ ወርዶ ሥራ እንዲፈልግ ወስነዋል። እኔ ደግሞ እንድፈርድ ተጠርቻለሁ። አስተማሪ የነበረ ሰው ጡረታ ቢወጣም ከዳኝነት አያመልጥም።

ከመፍረዴ በፊት ነገሩን ልረዳ ብዬ ጠየቅሁ። ለምን ይሞቃል? መልሱ የአገሩ አቀማመጥ ነው። መቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የልጁ ዓሦች ግን ዘራቸው ከአማዞን ቆላ ነው፤ 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋሉ። በክረምት የሻይ ቤቱ ውሃ ከ20 በታች ይወርዳል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከመቱ አጠገብ በፏፏቴው የሚታወቀው ሶር ወደ ገባ ይገባል፤ ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፤ ባሮ ጋምቤላ ሲደርስ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። እንግዲህ ከሶር የተነሣ ውሃ ቁልቁል ሲጓዝ መንገድ ላይ ይሞቃል ማለት ነው። በዚያ በሞቀው ባሮ ውስጥ ፖሊፕተረስ የተባለ፣ ከውሃው ብቅ እያለ አየር የሚተነፍስ ጥንታዊ የዓሣ ዘር ይኖራል። ከዚሁ ዘር የሆኑትን ፈረንጆቹ ቤታቸው ውስጥ፣ ያውም በማሞቂያ ያኖራሉ። እኛ ከወንዙ ዳር ተቀምጠን ስሙን አናውቀውም።

የልጁም ማሞቂያ ውሃን መንገድ ላይ የሚያሞቅ ዓይነት ነው። ከገንዳው ውስጥ አይነከርም፤ ከማጣሪያው ጎማ ጋር ይቀጠላል። ማጣሪያው ከገንዳው ሥር የተቀመጠ ክዳን ያለው በርሜል መሰል ዕቃ ነው። በአንድ ጎማ ቆሻሻውን ውሃ ይቀበላል፣ በስፖንጅ ያጣራል፣ በሌላው ጎማ ይመልሳል። «ማሞቂያው በየትኛው ጎማ ላይ ነው የሚገባው?» አልኩት። «በመመለሻው ነው ጋሼ። በመቀበያው ብናደርገው ያልተጣራ ቆሻሻ ይገባበታል፤ ማሰሪያው ትንሽ ከላላም አየር ይስባል» አለኝ። ማሞቂያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ውሃ ከታች ገብቶ በላይ ይወጣል፤ አየር ካለ ተጠራቅሞ እንዳይቀር። የማሞቂያው አፍ ከጎማው ሰፋ ብሎ ስላስቸገረው ከሕንፃ መሣሪያ መደብር መቀነሻ ገዝቶ አጋጥሞታል። የኤሌክትሪኩን ገመድ ከሶኬቱ በታች ወረድ አድርጎ አንጠልጥሎታል፤ ውሃ በገመዱ ቢወርድ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ከሁሉ ያሳቀኝ ፍተሻው ነው። መጀመሪያ ማሞቂያውን ሳይሰካ ውሃውን ብቻ ሌሊቱን ሙሉ አዙሮ፣ ከየመጋጠሚያው ሥር ጋዜጣ አነጠፈ። ጠብታ ካለ ወረቀቱ ይናገራል። ጋዜጣችን ለእውነት መቆሙን በዓይኔ አየሁ።

በሄድኩ በሦስተኛው ቀን፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። አባትየው «ይኸው!» አሉ። ልጁ ግን አልደነገጠም። የሁለቱንም ስፒና ነቀለ። ማጣሪያውን ዘግቶ ከፈተና ስፖንጆቹን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ሳፋ ውስጥ ዘረጋቸው። የዓሣውን ቆሻሻ የሚያመክኑት ባክቴሪያዎች እዚያ ስፖንጅ ላይ ናቸው፤ ውሃ ሳይዞርላቸው ታፍነው ከቆዩ ይሞታሉ፣ የታፈነው ውሃም ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ከገባ ዓሦቹን ይጎዳል። ከዚያ በየተወሰነ ጊዜው በጣሳ ውሃ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያንቆረቁረው ጀመር፤ አየር እንዲገባበት። ብርዱ ሲበረታ እህቴ ተነሥታ ገንዳውን በጋቢ ጠቀለለችው። ጋቢው የባሏ ነበር።

መብራቱ የመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ውሃው ከ25 ወደ 22 ወርዷል። ሌላ ሰው ቢሆን ቶሎ ማሞቂያውን ይሰካ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ስፖንጆቹን መለሰ፣ በርሜሉን ሞላ፣ ማጣሪያውን ብቻ ሰካ። ሞተሩ ያንጎራጉራል፣ ውሃ ግን አይመጣም፤ ውስጡ አየር ቀርቷል። በርሜሉን ወዲያና ወዲህ ዘንበል ዘንበል ሲያደርገው ቡልቅ ቡልቅ አለና መፍሰስ ጀመረ። እጁን መመለሻው ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው ማሞቂያውን የሰካው። «ውሃው ሳይዞር ከተሰካ፣ ያችኑ ውስጡ የቆመችውን ውሃ ብቻ ነው የሚያፈላው። ጎማው ይላላል፣ ማሞቂያውም ይቃጠላል፤ ዓሦቹ ግን እንደበረዳቸው ናቸው» አለኝ።

በማግስቱ አባትየው እስክርቢቶ አወጡ። «ስንት ዋት ነው ይሄ ነገር?» 200። በቀን ግማሹን ሰዓት ቢሠራ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት መጣላቸው። የሻይ ቤቱ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ነው፤ በአንድ ሰዓት ብቻ ከዚያ ይበልጣል። ሒሳብ ሹም ሒሳብ አይክድም። እዚያው ተቀምጠን ሌላም አሰላን። እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረው የሶር ኃይል ማመንጫ አቅሙ 5 ሜጋዋት ነው፤ ሙሉ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ 1,400 ያህል ምጣድ ቢያሰማ ነው። ያን የሚያህል ፏፏቴ! መብራት ውድ ነገር መሆኑ ያን ጊዜ ለሁላችንም ገባን፤ ገንዳው ግን የመጀመሪያው ተከሳሽ መሆኑ ቀረ።

እኔም ፈረድኩ። ገንዳው አይሸጥም አልኩ። አባትየው «ሥራውስ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነው፤ እስካሁንም መልስ አላገኘሁለትም።

ረዥም ዘመን ክፍል ውስጥ ቆሜ ያየሁት ነገር አለ። መምህር ማሞቂያ ነው። ልጆቹን እናሞቃለን፣ ከዚያም ሥልጠና፣ ዐውደ ጥናት፣ «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚል ንግግር ይጨመርላቸዋል። ይህ ሁሉ ሙቀት ነው። የሚዞር ነገር ከሌለ ግን፣ የሚቀጥር፣ የሚያበድር፣ የሚገዛ ከሌለ፣ ሙቀቱ የቆመችውን ያችን ትንሽ ውሃ ያፈላታል እንጂ ገንዳው ጋ አይደርስም። ወጣቱ ሲመረርና ሲናደድ «ምን ጎደለበት?» እንላለን። ሙቀትማ አልጎደለበትም።

በኢሉባቦር የእሸት ቡና ማጠቢያዎች አሉ፤ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ አላቸው። ጤና ጣቢያ አለ፣ ሆቴል አለ፤ ሁሉም ጋ ሞተር፣ ቧንቧና ማጣሪያ አለ። ሲበላሽ ከሩቅ ባለሙያ ይጠበቃል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚያውቅ፣ መብራት ሲጠፋ የማይደነግጥ፣ ሲመጣም የማይቸኩል ልጅ አለ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው «የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ይላል። ልጁ ማመልከቻ ሲሞላ አይቼዋለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ሰረዝ ያደርጋል። ቀጣሪ የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ ሰረዝ ያለበትን ወረቀት ከመጣላችሁ በፊት ልጁን አስጠርታችሁ እጁ ምን እንደሚያውቅ ጠይቁት።