ማስረሻ የሚባል አመልካች

በ1992 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር፣ በጃናሞራ ወይም በበየዳ የተወለደ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ የትምህርት ማስረጃውን ይዞ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ የሚያሳድድበት ዕድሜ ላይ ነው። ስሙ ማስረሻ ሊሆን ይችላል፤ ካሳ፣ ምትኩ ወይም ተካም ሊሆን ይችላል። ደገኛ ሁሉ እንደሚያውቀው እንዲህ ያለ ስም ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ልጅ በፊት ሌላ ልጅ ተቀብሯል። ሞት እንዳያየው ተብሎ ሆን ተብሎ ዝቅ ባለ ስም የተጠራም አለ፤ ባሪያው የሚባለው ስም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለዚህ ነው። በዚያው በ1992 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ መዝግቧል። ከስድስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 67 መውረዱን አሳይቷል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች እንደ ማስረሻ ያለ ስም ለምን ያን ያህል ይወጣ እንደነበር፣ ዛሬ ደግሞ ለምን እየቀነሰ እንደሚሄድ ለመረዳት ይበቃሉ።

ይህ ስም የቀጣሪ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን የሚነበበው በሌላ መንገድ ነው። የባላገር ስም ነው ይባላል። የያዘው ሰው አነጋገሩ ሻካራ፣ ኮምፒውተር የማያውቅ፣ ደንበኛ ፊት የማይቆም ተደርጎ ይገመታል። አጠገቡ ናሆም ወይም ዮናታን የሚባል አመልካች ካለ ከተሜ ነው፣ የተማረ ቤተሰብ ልጅ ነው ተብሎ ቀድሞ ይታሰብለታል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ውጤት ተመርቀው ሊሆን ይችላል። ይህን የምጽፈው ግምቱ ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደል ነው ብዬ ስለማምን ነው። ስም የሚናገረው ወላጆች ልጁን በተቀበሉበት ቀን ስለነበሩበት ሁኔታ ነው፤ ስለ ሐዘናቸው፣ ስለ ተስፋቸው፣ ስለ ዘመናቸው። አብዮት የሚባል ሰው የተወለደበትን ዘመን ይነግረን ይሆናል እንጂ ሒሳብ መሥራት መቻል አለመቻሉን አይነግረንም። ቀጣሪው በልጁ ላይ የሚፈርደው እናቱ ልጅ ስለቀበረች ነው ብንል ነገሩን አላጋነንነውም።

የእኛ የስም ሥርዓት ደግሞ ጉዳዩን ያከብደዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ሊያስገባ ሞክሮ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ዛሬም ቅጽ ላይ የሚሞላው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ስለዚህ ቀጣሪው የሚያየው ሦስት ትውልድ ነው። አዘዞ ወይም ፒያሳ አካባቢ ያደገች፣ ወላጆቿ ቢታንያ ያሏት ልጅ እንኳ ከስሟ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቷና የአያቷ ስም ነው። ስለዚህ «ወላጆች ዘመናዊ ስም ቢያወጡ ችግሩ ያልቃል» የሚለው ምክር ቢያንስ ሁለት ትውልድ መጠበቅን ይጠይቃል፤ አያቱንም እንደገና ክርስትና ማንሳት አይቻልም።

ስም ብቻውን ይህን ያህል ክብደት አለው ወይ ለሚል ሰው የውጭው ዓለም በደንብ የተፈተነ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በቦስተንና በቺካጎ ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ማመልከቻዎችን ላኩ። ችሎታው ተመጣጣኝ፣ የሚለያየው ስሙ ነበር። ኤሚሊና ግሬግን የመሰለ የነጮች ስም የያዘው በአማካይ 10 ማመልከቻ ልኮ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ ላኪሻና ጀማልን የመሰለ ስም የያዘው ለአንድ ጥሪ 15 መላክ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ 83,000 ማመልከቻ ለ108 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የላከ ጥናት ልዩነቱ ዛሬም እንዳለ አሳየ። ከዚህ ጥናት እኔን በጣም ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከጠቅላላው አድልዎ ግማሽ የሚሆነው የተገኘው በአንድ አምስተኛ ኩባንያዎች ውስጥ ነበር። ይህ ማለት አድልዎ እንደ አየር በየቦታው እኩል የተበተነ ዕጣ ፈንታ አይደለም። የሚያደርገው መሥሪያ ቤት አለ፤ የማያደርገውም አለ። አሠራር ይለየዋል።

«ይህ የአሜሪካ የነጭና የጥቁር ጣጣ ነው፤ እኛ ጋ ምን አመጣው?» የሚል ተቃውሞ እጠብቃለሁ። የእኛ ታሪክ ግን በዚህ ረገድ ከማንም ያነሰ አይደለም። በንጉሡ ዘመን በደቡብና በምዕራብ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ አባቱ ያወጣለት ስም ለአስተማሪው ስላልጣመ የአማርኛ ስም ተሰጥቶት ተመዝግቧል፤ ብዙዎችም ሹመትና ሥራ ፈልገው ራሳቸው ለውጠዋል። ያኔ በር የሚከፍተው ስም የእኛ አካባቢ ስም ነበርና ይህን ለመቀበል ጎንደሬው አንባቢ ሊከብደው አይገባም። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ክርስቲያን እኅቶቻችን ቪዛና ቀጣሪ ለማግኘት ሲሉ ፓስፖርታቸው ላይ የሙስሊም ስም አስጽፈዋል። ከገጠር መጥታ ከተማ ቤት የምትቀጠር ልጅም ስሟ «አይመችም» ተብሎ አሠሪዎቿ ባወጡላት ስም ስትጠራ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የቀጠራት ሰው የእናቷን ስጦታ ከወሰደባት በኋላ ስለ ክብር ሊያስተምራት አይችልም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ስም ከሥራም አልፎ የነፃነት ጉዳይ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት በአዲስ አበባ በትግራይ ተወላጆች ላይ ይካሄድ የነበረው እስር ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሥጋቱን ገልጾ ነበር። አማራውም በሌሎች አካባቢዎች በስሙ እየተለየ ተፈርጇል። በስም ማንነትን የመገመትን ባዶነት የሚያሳየው ግን የተከዜ ወንዝ ነው። ገብረ መድኅን፣ ወልደ ገብርኤል፣ ኃይለ ማርያም የሚባሉ ስሞች ከቤተ ክርስቲያን የወጡ የግእዝ ስሞች ናቸው፤ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም፣ በጠለምትም በአድርቃይም በትግራይም ይጠሩበታል። የቅማንትና የአማራ ጎረቤቶችን ስም ደርድሮ ማን ማን እንደሆነ መለየት የሚችል ሰው የለም። በስም ማንነትን አወቅሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ሲስት ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላው ነው።

ስም በር እንደሚከፍት ከማንም በላይ የተረዳው ሰው የወጣውም ከዚሁ ምድር ነው። ቋራ የተወለደው ካሳ ኃይሉ በጉር አምባና በአይሻል ድል ያደረገው በ1845 ዓ.ም. ካሳ ተብሎ እየተጠራ ነው። ጠላቶቹ ግን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይሉት ነበር፤ ሰይፉን መቋቋም ሲያቅታቸው ወላጁን ያነሱበታል። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በስሜን ደረስጌ ማርያም አቡነ ሰላማ ቀብተው ሲያነግሡት የመረጠው ስም ቴዎድሮስ ነበር፤ ሕዝቡ በትንቢት ሲጠብቀው የነበረውን ንጉሥ ስም። ውጊያውን ያሸነፈው ካሳ ሆኖ፣ ዘውዱን ለመድፋት ግን ቴዎድሮስ መባል አስፈለገው። ችሎታው ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር። የስሙ ለውጥ የተናገረው ስለ ተመልካቾቹ ነው፤ እነርሱ ለማመን ምን መስማት እንደሚያስፈልጋቸው። ካሳ ግን ጦር ነበረው። ሲቪ ብቻ ይዞ የሚመጣው ካሳ በሥራው እስኪታይ ድረስ የሚጠብቀው የለም።

ታዲያ ስም መለወጥ መፍትሔ አይሆንም ወይ? በስዊድን የተደረገ ጥናት የትውልድ አገራቸውን የሚያሳብቅ የቤተሰብ ስም ትተው ስዊድንኛ የሚመስል ወይም የማያሳውቅ ስም የወሰዱ ስደተኞች ካልለወጡት ይልቅ ገቢያቸው እንዳደገ አሳይቷል። ይህ እውነት ነው፤ ጥቅም አለው። ዋጋው ግን ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ከጎንደር ዙሪያ ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ሲወሰዱ፣ ብዙ ልጆች ከአምቦበርና ከወለቃ ይዘውት የሄዱት ስም በመቀበያ ጣቢያና በትምህርት ቤት በዕብራይስጥ ስም ተተካ፤ የአባት ወይም የአያት ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም ሆነ። ስማቸው ቢለወጥም የቆዳቸው ቀለም አልተለወጠምና መድልዎው አልቀረላቸውም። ከልጆቻቸው መካከል ዛሬ የአማርኛ ስማቸውን መልሰው የያዙ አሉ። ከእነርሱ ወገን መጀመሪያ እስራኤል ፓርላማ የገባው አዲሱ መሰለ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲመረጥ በአማርኛ ስሙ ነበር። ስም መለወጥ የሚፈልግ ሰው ይለውጥ፤ መብቱ ነው። ማኅበረሰብ ግን በራሱ ግምት ምክንያት የመጣን ጉዳት ተጎጂው ከፍሎ እንዲያስተካክለው መጠየቅ የለበትም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ልሸሸውም አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት በካሊፎርኒያ የልደት መዝገብ ላይ ተመሥርቶ፣ የቤተሰብ ድህነትና አካባቢ ሲታሰብ ለየት ያለ ስም ብቻውን የሰውን የኋላ ሕይወት እንደማያበላሽ ደምድሟል። እንግዲህ ጥፋቱ የድህነት እንጂ የስም አይደለም ሊባል ነው። ድህነቱ ዋናው ነው በሚለው እስማማለሁ። ከጃናሞራ የመጣው ልጅ በመንገድ፣ በመብራትና በመጽሐፍ እጦት የተጎዳው ስሙ ከመነበቡ በፊት ነው። ነገር ግን ያ ጥናት የሚለካው የሕይወትን ጠቅላላ ውጤት ነው፤ በአንዱ በር የተገፋ ሰው በሌላ በር ሊገባ ይችላልና መገፋቱ በመጨረሻው ድምር ላይ ላይታይ ይችላል። በሩ ላይ መገፋቱን ግን የቦስተንና የቺካጎው ጥናት ቆጥሮታል። እኛ ጋ ደግሞ በሩ ጥቂት ነው። አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ለሚያወጣው ጥቂት ክፍት ቦታ ስንቱ ተመራቂ እንደሚሰለፍ እናውቃለን። ሠልፉ በረዘመ ቁጥር መራጩ ለመቀነስ ሰበብ ይፈልጋል፤ በጣም ቅርቡ ሰበብ ደግሞ የቅጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 አሠሪ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ስም ግን በአገራችን ከእነዚህ አብዛኞቹን በአንድ መስመር ይነግራል። አሕመድ ወይም ወልደ ማርያም የሚል ስም ያየ ሰው ሃይማኖት መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ጾታውን፣ አካባቢውን፣ ብዙ ጊዜም ብሔሩን ይገምታል። ሕጉ አድልዎን ሲከለክል ቅጹ ለአድልዎ የሚያስፈልገውን በራሱ ያቀርባል። ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ ማመልከቻ ተቀባዩ ቁጥር ይስጥ፣ መራጮች የሚያዩት ቁጥሩን፣ ትምህርቱን፣ ልምዱንና የጽሑፍ ፈተና ውጤቱን ይሁን፤ ስሙ የሚገለጠው ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት ከተለዩ በኋላ ይሁን። ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች በሕግ የተሰጠው ድጋፍም አይቀርም፤ መዝገብ ያዡ ነጥቡን ከቁጥሩ አጠገብ ይጽፈዋል።

ፈረንሳይ ይህን ሞክራ አልተሳካላትም የሚል ካለ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 በተደረገው ሙከራ ስም ሲሸፈን የስደተኛ ልጆች ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድላቸው ቀነሰ። የተሳተፉት ድርጅቶች ግን በፈቃደኝነት የገቡ፣ አስቀድሞም ለእነዚህ ልጆች የሚያደሉ ነበሩ። ከዚያ የምንማረው ፈቃደኛ የሚሆነውን ብቻ ይዞ መጀመር እንደማይበቃ ነው። «እኛ ጋ ሥራ የሚያዘው በዘመድ ነው፤ ስም ቢሸፈን ዘመዱ ቁጥሩን በስልክ ይናገራል» የሚለው ቅሬታም ባዶ አይደለም። ቢሆንም ቁጥር በስልክ መናገር ሰው የሚያውቀው ጥፋት ነው፤ የሚናገረውም የሚቀበለውም የሚያደርጉትን ያውቃሉ፤ ከተደረሰበትም ይጠየቁበታል። ስም አይቶ ፊት ማዞር ግን ማንም ጥፋት ነው ብሎ የማይቆጥረው፣ ያደረገው ሰው እንኳ ራሱ የማያስተውለው ነገር ነው። ዘመድ የሌለው የደባርቅ፣ የዳባትና የበየዳ ልጅ በመጀመሪያው ማጣሪያ የሚወድቀው በዚህ በሁለተኛው ነው፤ ይህኛውን ለማስቀረት የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ ያዥና የቁጥር ዝርዝር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲና የዞን መሥሪያ ቤቶች በሚቀጥለው የቅጥር ማስታወቂያቸው ሊጀምሩት ይችላሉ፤ አዲስ ሕግም አዲስ በጀትም አይጠብቅም።