የሚገፋው ወንበር

ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.፤ እንጅባራ

የቃና ዘገሊላ ዕለት። ታቦተ ሚካኤልን ሸኝቼ ስመለስ እናቴን እልፍኝ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ደነገጥሁ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ። አባባ ነው የወደቀ።»

አባባ ያለችው ወንበሩን ነው። አያቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ወንበሩ ግን በእኛ ቤት «የአባባ ወንበር» ተብሎ አያውቅም፣ በደፈናው «አባባ» ነው። «አባባን ፀሐይ ላይ አውጡልኝ»፣ «ነጠላዬን አባባ ላይ ጣል አድርጊው» ይባላል። ያላወቀ እንግዳ ሲሰማ ቤቱ ውስጥ የሚንገላታ ሽማግሌ ያለ ይመስለዋል።

የግራ የኋላ እግሩ አግዳሚው ከሚገባበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ እንደ ማገዶ ፍልጥ ለሁለት ተከፍሏል። እናቴ የቡናውን ረከቦት አስተካክላ ተመልሳ ስትቀመጥ ነው የከዳት። ወገቧን ትንሽ ከማመም በቀር አልተጎዳችም። ስብራቱን ለማየት ጎንበስ ስል ከስንጥቁ መሃል የዛገ ሚስማር አየሁ። ሚስማሩን አውቀዋለሁ። የመታሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ሌሊቱን ያ ሚስማር ሲወጋኝ አደረ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አንድ የበጋ ቀን የወንበሩ እግር ሲላወስ አየሁና አያቴን የጠቀምሁ መስሎኝ ትልቅ ሚስማር በመጥረቢያ ጀርባ መታሁበት። ወንበሩ ቀጥ አለ። አያቴ ማታ ሲመለስ ተቀመጠበት፤ ነቅነቅ አደረገው፤ የሚስማሩን ራስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ልጄ፣ እንጨት እኮ ክረምቱን ይጠግባል፣ በጋውን ይጾማል» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ ሚስማሩንም አልነቀለውም። ልጅ የሠራውን ማፍረስ አልወደደ ይሆናል።

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ዋንዛ በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። በወንዴና በሴቴ የተጋጠመ እንጨት አብሮ ያብጣል፣ አብሮ ይኮማተራል፤ በበጋ ቢላላ አንዲት ቀጭን ሽብልቅ ትበቃዋለች። አያቴ ያችን ሽብልቅ ከወይራ እየጠረበ በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ ያስገባ ነበር። ብረት ግን ጾምም ፋሲካም አያውቅም። እንጨቱ ሲሸሽ እሱ እንደ ቆመ ይቀራል፤ እርጥበት ሲያገኝም ይዝጋል፣ ዝገቱም አብጦ ዙሪያውን ይበላል። ከዓመት ዓመት አንዲት ጭረት እየሰፋች መጥታ ትናንት እናቴን መሬት አስቀመጠቻት።

ሐሙስ፣ ጥር 14፤ ዳንግላ

ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ከእንጅባራ እስከ አዲስ ቅዳም፣ ከአዲስ ቅዳምም ወዲህ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው ዲከረንስ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ የፋግታን መሬት እንዲህ ይለብሰዋል ብሎ ማን አሰበ? ገበሬው ችግኙን ከሰብል ጋር ይተክለዋል፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ ጆንያው በመኪና ተጭኖ ከተማ ይገባል። ገንዘቡ ቤት አሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ የፈለግሁት ግን አንድ ዋንዛ ነበር። በየማሳው ድንበር ቆጠርሁ፤ ጥቂት ናቸው። ዋንዛ የሚተክል ሰው ለልጁ ልጅ ነው የሚተክለው።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ የወንበሩን ነገር ሳወራ አንዱ ባልደረባዬ «ያ የእንግሊዙ ወንበር?» አለኝ። ሳቅሁ። ወሬውን የነዛው አባቴ ነው። ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት። ሻለቃ ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚሁ ቆንስል ሆኖ ሲኖር ጣናንና ዓባይን ዞሮ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፏል። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ ወንበር ከቆንስሉ ቤት የወጣች ናት» ይል ነበር። የአማቱን ንብረት በዚህ መንገድ ማክበሩ መሆን አለበት። እናቴ ደግሞ «ዋንዛው ከጓሯችን ነው የተቆረጠ» ትላለች። ክርክሩ ሳይቋጭ አባቴ ሞተ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16፤ እንጅባራ

ወንበሩን በባጃጅ ጭኜ፣ እናቴን አስከትዬ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ወሰድሁት። ገልብጠው ጭናቸው ላይ አስተኙት፣ እንደ ሐኪም በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ዋንዛ ነው፤ ያውም የበሰለ። ይኼን ሚስማር ማን መታው?»

«ልጅ ነው» አልኋቸው። የማን ልጅ እንደ ሆነ አልጠየቁም። እናቴ ወዲያ ዞራ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

የእንግሊዙን ወሬ ነገርኋቸው። ከመቀመጫው ሥር ያለውን እንጨት አሳዩኝ፤ የመጥረቢያው ጥርብ አንድ በአንድ ይታያል፤ መላጊያ የነካው የላዩን ብቻ ነው። «ቆንስሉ ቤት መላጊያ አጥተው በመጥረቢያ ጠረቡ?» አሉ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ግን አባቴን ከሞተም በኋላ ረታችው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠፍሩ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሳይወጣ ጋድሚያዎቹ አይላቀቁም። ሚስማሩ በጉጠት ይነቀላል። የተበላው የእግሩ ክፍል በመሮ ተጠርቦ ይወጣና በቦታው ደረቅ ዋንዛ ይገባል። እርጥብ እንጨት ከገባ ነገ ደርቆ ይላቀቃል። «ደረቁን ከየት ያመጣሉ?» ስላቸው ግድግዳ ላይ የተደገፈ አሮጌ መዝጊያ አሳዩኝ። ከፈረሰ ቤት የገዙት ነው።

ስመለስ መንገድ ዳር ከቀርከሃ ሠሪዎቹ ዘንድ ቆምሁ። አልጋው፣ መደርደሪያው፣ ሶፋው ተደርድሯል፤ ከመሃሉ አንድ ተወዛዋዥ ወንበር አለ፤ የሥሩ ሁለት እንጨት በእሳት እየሞቀ እንደ ቀስት የታጠፈ። ሠሪው ወጣት ነው። የቆላው ሽመል ውስጡ ድፍን፣ የደጋው ቀርከሃ ባዶ መሆኑን እያንኳኳ አሳየኝ። «ሦስት ዓመት ያልሞላውን ከቆረጥህ ነቀዝ ይጨርሰዋል» አለኝ። ጥፋቴን በገንዘብ ልክስ ብዬ ገዛሁት። እናቴ ተቀመጠችበት፣ ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ አለችና ተነሣች።

«ይኼ ልጅ ማስተኛ ነው። ለእህትህ ልጆች ይሁን።»

ቅዳሜ፣ ጥር 23፤ ጊዮርጊስ

ዛሬ እንጅባራ ሰው ሳይሆን ፈረስ ነው የሚታየው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር 80ኛ ዓመት በዓል ነው። ማኅበሩ የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ይኸው ከሰባቱ ቤት አገው የመጣ ፈረሰኛ ሜዳውን ሞልቶታል። ግላሱ ቀይና ቢጫ፣ ልጓሙ የሚያብረቀርቅ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ጌጥ ሲሰግር የሚንሿሿ።

እኔ ግን ዓይኔ ኮርቻ ላይ ነበር። ወንበሩን የሚጠፍረው ሰው የኮርቻ ሠሪ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ «ከጊዮርጊስ በፊት ለወንበር ጊዜ የለኝም» ሲለኝ ከረመ። እውነቱን ነው። ኮርቻም ከውስጡ እንጨት ነው፤ እንጨቱን አንድ አድርጎ የሚይዘው እርጥቡን የተለበጠበት ቆዳ ነው። በእርጥብ ቆዳ ያሰሩትን በደረቀ ጊዜ ፈረስም ሲጋልብ አይፈታውም።

ማታ አናጢው ዘንድ ሄድሁ። እግሩ አልቋል። የገባው ቁራጭ ከአሮጌው ትንሽ ይጠቁራል። ኮላ ተቀብቶ በመኪና ካላማዳሪያ ጥፍንግ ተደርጎ ታስሮ ሦስት ቀን ቆይቷል። በሚስማሩ ፈንታ ከወይራ የተጠረበ ችንካር አለፈበት። የፊት እግሮቹ ጫፍ ላይም አዲስ እንጨት አየሁ።

«ይኼስ?»

«የፊቶቹ ተበልተው አጥረው ነበር፤ ወደ ፊት ያዘነብላል። ሁለት ሁለት ጣት ጨምሬ አስተካከልሁት» አሉ። አመሰገንሁ። ሙሉ ሥራ የሚሠራ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ጥር 25

ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመቱ ተዘግቷል። ቀኑን ጠፋሪው ቤት ዋልሁ።

ቆዳ መፈለግ አልቸገረንም። የጥምቀት ቅርጫ ቆዳ በየቤቱ አጥር ላይ ተሰቅሏል፤ ወሩም የሠርግ ወር ነው። ድሮ በሬ ሲታረድ ነጋዴው ደጅ ላይ ይቆም ነበር፤ አሁን ዋጋው ወድቆ የሚጥለውም አለ። ጠፋሪው «ለእኔ በጀኝ» ይላል፤ ግን ደስ ብሎት አይደለም።

ቆዳው ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ጠጉሩ ተፍቋል። ጠፋሪው ከዳር ጀምሮ በካራ ዙሪያውን እየቆረጠ ወደ መሃል ይገባል፤ አንድ ሙሉ ቆዳ ሳይቋረጥ አንድ ረጅም ጠፍር ይሆናል። በሁለት ችካል መካከል ወጥሮ እያሸ ያለሰልሰዋል። ከዚያ በመጀመሪያ ቁመቱን፣ ቀጥሎ አንዱን እየዘለለ አንዱን እየያዘ አግድሙን ይጠፍራል። ጫፉን ያዝልኝ አለኝና ያዝሁ፤ እጄን ላጠው። በጥርሱ ነክሶ ሲስብ አየሁት።

«ደርቆ ሲጠብቅ ጋድሚያዎቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ አናጢው ያጋጠመውን እኔ አጠብቃለሁ» አለኝ። እስከ ዛሬ ጠፍር ለመቀመጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወንበሩን የያዘው እሱ ኖሯል። ጥላ ውስጥ አኑረው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው አስጠነቀቀኝ፤ ቶሎ የደረቀ ጠፍር ይሰነጠቃል።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

አባባ ቤቱ ገባ። ጠፍሩን በጣቴ ስመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ተቀመጠች። ጎረቤቶች እልል አሉ፤ ቡናው ተፈላ።

ሁለተኛው ቡና ላይ ልትነሣ ፈለገች። አልቻለችም። መደገፊያውን ይዛ ሞከረች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። እህቴ ብብቷን ይዛ አነሣቻት።

«ወገብሽ ነው?»

«ወገቤ አይደለም። አባባ ይገፋኝ ነበር፤ አሁን ተወኝ።»

መጀመሪያ የእርጅና ወሬ መስሎኝ ነበር። ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ሞከርሁት። ወንበሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ኋላ ይይዛል። ድሮ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ሲሉበት የፊት እግሮቹ ስላጠሩ አብሮ ይወዛወዝና ሰውን እንደ እጅ ገፋ ያደርግ ነበር። የእናቴ ጉልበት ለዓመታት የተማመነው ያችን ግፊት ነው።

ታዲያ የፊት እግሮቹን ማን በላቸው? ጠየቅኋት።

«አያትህ ነዋ! ሲያስታርቅ። ከዛፉ ሥር ወንበሩ ይወጣለታል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፊቱ ይቀመጣሉ። ድምፃቸው ዝቅ ሲል እንዳያመልጠው፣ እንደ ተቀመጠ ወንበሩን በእጁ ይዞ ወደ ፊት ይጎትተዋል። ዓመት ከዓመት መሬቱን ሲፍቅ ኖረ።»

ድሮ በአገራችን ዳኛን ራሱን «ወንበር» ይሉት ነበር። ቃሉን ብቻ አውቅ ነበር፤ ዛሬ ከእንጨቱ ላይ አየሁት። የፊት እግሮቹ ያጠሩት በማዳመጥ ነው። እኛ ደግሞ ጉድለት ነው ብለን ሞላነው።

ሰኞ፣ የካቲት 2፤ የነነዌ ጾም መግቢያ

አናጢውን ቤት ድረስ አመጣኋቸው። ሳስረዳቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። የእናቴን አነሣስ አዩ፣ ራሳቸው ተቀምጠው ሞከሩ፣ መጋዝ አወጡ።

«እትዬ፣ አንድ ጣት ልተው ወይስ ሁሉንም ላንሣው?»

«እንደ ነበረ ያድርጉልኝ።»

አራቱ ጣት ዋንዛ፣ ከየእግሩ ሁለት ሁለቱ፣ መሬት ላይ ወደቀ። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱት «ስብራትና እርጅና ይለያያሉ፤ እኔ አንድ ላይ ጠገንኋቸው» አሉ። ገንዘብ ልጨምር ብል እምቢ አሉ። ሚስማሩን የመታው የማን ልጅ እንደ ሆነ ዛሬም አልጠየቁም። ሲወጡ ሁለት የወይራ ሽብልቅ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ በጋው ሲከር ይላላል፣ ያን ጊዜ በቀስታ መታ መታ ማድረግ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ነገ ወደ ዳንግላ እመለሳለሁ። የእህቴ ልጆች የቀርከሃውን ወንበር ፈረስ አድርገው ደጅ ላይ ይጋልቡታል፤ «ጊዮርጊስ!» እያሉ ይጮኻሉ።

እናቴ አባባ ላይ ናት። ወደ ፊት ዘንበል አለች፤ ወንበሩ ተወዛወዘ፤ ተነሣች። ማንም ልብ አላለም፤ እሷም እንኳ። ሽብልቆቹን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ከአያቴ መቋሚያ ጎን አኖረቻቸው።

«በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ እመጣለሁ፤ እኔ ነኝ የማስገባው» አልኋት።

«ና» አለች ሣጥኑን እየዘጋች፤ «ሚስማር ግን ይዘህ እንዳትመጣ።»