በጨፋ ሮቢት የእሸት ጥብስ

ካዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ብርድ ወርዶ፥ ሸዋ ሮቢትን፥ ሰንበቴን፥ አጣዬንና ካራ ቆሬን ካለፈ በኋላ ከከሚሴ አስቀድሞ ጨፋ ሮቢትን ያገኛል። አየሩ ሞቃት ነው፤ ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳም ሰፊና ለምለም ነው። በበጋ ሣርና ውሃ ባነሰ ጊዜ የኦሮሞና የአፋር ከብት አርቢዎች ላማቸውንና ግመላቸውን እየነዱ ወደዚህ ሜዳ ይወርዳሉ።

በክረምት መውጫ ግን መንገደኛውን ከመኪናው የሚያስወርደው በመንገዱ ዳር የሚጤሰው የበቆሎ እሸት ነው። ባለፈው መስከረም በዚያ ሳልፍ ካንዲት ባልቴት ምድጃ አጠገብ ቆምሁ። እሳቸውም እሸቱን ገልጠው፥ «ልጄ፥ ጥፍርህን አሳርፍበት፤ ወተት ከሰጠህ ውሰደው፥ ከደረቀብህ ተወው» አሉኝ። ምክራቸው እውነት ነው። እሸት ከተቀጠፈ በኋላ ጣፋጭነቱ ቶሎ ወደ ዱቄትነት ይለወጣልና፥ ጧት ከማሳ የመጣው ከትናንቱ እጅግ ይበልጣል። በከሰሉ ላይ እያገላበጡ ጠበሱልኝና በገዛ ቅጠሉ ጠቅልለው ሰጡኝ።

በቆሎ ካገራችን የበቀለ ጥንታዊ እህል አይደለም። ትውልዱ ሜክሲኮ ሲሆን፥ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨው ኮሎምቦስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1492 ወደ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ነው። ባገራችን የባሕር ማሽላ የሚል ስም ማግኘቱም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ያስታውሳል። ይኸው እህል በእስፓኞሎች መርከብ ወደ ፊሊፒን ደሴቶች ደርሶ፥ ዛሬ በማኒላ ጐዳና እንደ ጨፋ ሮቢት ሁሉ በከሰል ተጠብሶ ይሸጣል። ፊሊፒኖች በዚያው ምድጃ ኢሳው የሚሉትን የዶሮ ወይም የዐሣማ አንጀት አጥበው፥ ቀቅለው፥ በእንጨት ሰክተው ይጠብሳሉ፤ ሽንኩርትና ቃሪያ በገባበት ሆምጣጤ እያጠቀሱም ቆመው ይበሉታል። ዐሣማው ለእኛ ባይሆንም፥ ማታ ከሥራ የወጣ ሁሉ ባንድ ምድጃ ዙሪያ መቆሙ የሚያስደስት ልማድ ነው።

ባገራችን ሥጋ ማዕድን ይለያል። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ፥ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። በወሎ ካንድ አያት የተወለዱ ዘመዳሞች በሃይማኖት ሁለት ሲሆኑ፥ በሠርግና በለቅሶ ድስቱም ሁለት ሆኖ ይጣዳል። እሸት ግን አራጅ አይሻም፤ በጾምም በፍስክም፥ በረመዳንም ፀሐይ ስትጠልቅ ይበላል። በዚያች ምድጃ አጠገብ ማተብ ያሰረ ሹፌርና ኮፍያ ያደረገ ከብት ነጂ አንዱን እሸት ለሁለት ሰብረው ሲካፈሉ አይቻለሁ፤ ይህን ባንድ ቁራጭ ሥጋ ሊያደርጉት ባልቻሉም ነበር።

ይህንንም እንደ ቀላል ነገር ልንቈጥረው አይገባም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፥ ቤትና ሱቅ ተቃጥሏል፥ ይህም አውራ ጐዳና ተዘግቷል። መንገድ በተዘጋ ቀን የባልቴቲቱ ከሰል አይነድም፥ እሸቱም በማሳው ላይ ይደርቃል። ሹፌሩና ከብት ነጂውም የሚገናኙበት ስፍራ ያጣሉ። ስለዚህ በመንገድ ዳር ጢስ ማየት ለተጓዥ የሰላም ምልክት ነው።

እመቤቶችም ይህን በየቤታቸው ሊያዘጋጁት ይችላሉ። በዕለቱ የተቀጠፈ እሸት ይመረጥ፤ የውጭ ቅጠሉ ይገለጥና ጢሙ ይነቀል። ነበልባሉ በርዶ ፍሙ ብቻ ሲቀር በላዩ ይቀመጥና ሳይሰለቹ ይገለባበጥ፤ ፍሬው ወርቅ መስሎ እዚህም እዚያም ጠቈር ሲል ይነሣ። በፍስክ ቀን እንደ ፊሊፒኖች ሥጋ በእንጨት ሰክቶ መጥበስ የሚወድ ቢኖር፥ እንጨቱ እንዳይቃጠል አስቀድሞ በውሃ ይዘፍዝፈው።

ወደ ደሴ የምትወርዱ መኳንንትና ሹማምንት ሆይ፥ በጨፋ ሮቢት ስታልፉ መኪናችሁን አቁማችሁ ውረዱ። ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ፤ አጠገባችሁ ለቆመውም ሰው ሃይማኖቱንና አገሩን ሳትጠይቁ ግማሹን ስጡት።