ሰማዩን አነሳነው፣ ወሬውን ረሳነው

መቼም ከተማሪ ኪስ ተነስቶ ዳሎል ድረስ መሄድ ቀልድ አይደለም። ሁለት መንፈቀ ዓመት ሙሉ ከሻይና ከፓስቲ እየቆነጠርን ያጠራቀምናትን ይዘን፣ ሠርግ ከሚያነሳ ዘመዳችን ካሜራ ተውሰን («አሸዋ ቢገባበት ዓይናችሁን እንዳላይ!» ብሎናል)፣ በየካቲት ዕረፍት ሦስት ሆነን ተነሳን። ዓላማችን አንድ ነበር፤ ሰማይ ማንሳት። «ሰማይማ ስድስት ኪሎም አለ» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ግን በፎቅና በሽቦ የተቆራረጠ ነው። እኛ የፈለግነው ዳር እስከ ዳር ያልተሸረፈውን ነው።

ከሰመራ በአፍዴራ በኩል ዞረን ሐመድ ኤላ ስንደርስ አገኘነው። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ሲያንጋጥጡ ሰማዩ ከላይ የተከደነ ሳይሆን ከአራቱም ማዕዘን የፈሰሰ ይመስላል። ሙቀቱን ተውት። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ዳሎል ላይ የተመዘገበው አማካይ ሙቀት፣ ቀኑም ሌሊቱም በጋውም ክረምቱም ተደምሮ፣ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። የካቲት ላይ «ቀዝቀዝ ይላል» ብለውን ሄደን፣ ውሃችን በፕላስቲኩ ውስጥ ሻይ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ከፊታችን የተዘረጋው ነጭ ሜዳ ጨው ነው። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን እየገባ እየደረቀ የተወው ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስኪገባ ድረስ አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የተቆረጠው ከዚህ ሜዳ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፎቶአችን አሳፋሪ ነበር። ያ ሁሉ ነጭ ጨው እንደ ሲሚንቶ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ነገሩ በኋላ ነው የገባን፤ የካሜራ ብርሃን መለኪያ ዓለምን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ነጭ ሜዳ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ስለዚህ እሱ ካለው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ጨምሮ ብርሃን ማስገባት ነው። ሰማዩን ሲፈልጉ ደግሞ ጣጣ አለ፤ ለሰማዩ ሲያስተካክሉ ምድሩ ይጨልማል፣ ለምድሩ ሲያስተካክሉ ሰማዩ ነጭ አቡጀዲ ይሆናል። አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እኛ ሰማዩን መረጥን። ምድሩ ላይ ማን እንዳለ ብዙም አላሰብንም።

በማግስቱ ጧት ጨው ቆራጮቹ ዘንድ ሄድን። ግማሾቹ የጨው ንጣፉን ሰንጥቀው በረጅም እንጨት ፈንቅለው ያነሳሉ። ሌሎቹ ቁጢጥ ብለው እየጠረቡ እኩል ያደርጉታል። ጀርባቸው ለፀሐይ፣ ዓይናቸው ለጨው ነጸብራቅ ነው። ከመካከላችን አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም) ሳይጠይቅ ቀጭ አደረገ። ሰውየው ቀና ሳይል በሽርጡ ጫፍ ፊቱን ሸፈነና ሥራውን ቀጠለ። ሹፌራችን «ኧረ ተዉ ልጆች! ሰው እኮ ነው፣ ተራራ አይደለም» አለን። አፈርን። ፎቶውን አጠፋነው፤ እፍረቱ ግን አልጠፋም።

አመሻሹ ላይ የጓጓንለት መጣ። በምዕራብ፣ ከደጋው ገደል አናት ላይ፣ ደመና ተቆለለ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ብርሃኗ ረጅም አየር ማቋረጥ ስላለበት ሰማያዊው መንገድ ላይ ይበተንና ቢጫውና ቀዩ ይቀራል። የበረሃው አቧራ ሲጨመርበትማ ሰማዩ እንደ እቶን ነደደ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! መቶ ፎቶ ሳናልፍ አልቀረንም። ከሩቅ መብረቅ ብልጭ ሲል እንደ ሕፃን ጮኽን።

ከመንደሩ ስንመለስ አንድ አዛውንት ከዳሱ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ሹፌራችን አፋርኛ ስለሚያውቅ እሱ ነበር አስተርጓሚያችን። «ዳጉ ይጠይቋችኋል» አለን። አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ ዝናሙን፣ ግጦሹን፣ ሰላሙን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ። ዳጉ ማለት ይኸው ነው። ውሸት የተገኘበት ሰው ቃሉ ይረክሳል።

«ምን አያችሁ?»

«ሰማዩ በጣም ያምር ነበር፣ አባባ።»

ሹፌራችን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተረጎመው። አዛውንቱ አልሳቁም። «ደመናው በየትኛው ወንዝ በኩል ነው? ዘንቧል ወይስ አንዣቦ ብቻ ነው?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባን። ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ በሸለቆው ወርዶ ጨው ሜዳው ላይ ይተኛል። ጨው ቆራጭ ውሃው እስኪደርቅ ያለ ሥራ ይቀመጣል፣ ግመልም መንገድ ላይ ይያዛል። ከብት ያለው ዘመዱ ደግሞ ያችኑ ደመና በጸሎት ሲጠብቃት ከርሟል። ለአንዱ የዕለት እንጀራው መቋረጥ፣ ለሌላው የላሙ ወተት፣ ለእኛ ግን የፎቶ ጌጥ ነበረች!

ካሜራውን ከፍተን አሳየናቸው። ውበቱን አልፈው ከደመናው ሥር ያለውን ግራጫ መጋረጃ በጣታቸው አሳዩን፤ እኛ «አበላሸው» ብለን ልናጠፋው የነበረውን። ዝናም ነው። «ስንት ሰዓት ነው?» አሉ። ሰዓቱን ካሜራው መዝግቦታል፣ ነገርናቸው። «ወዴት ዞራችሁ ነው ያነሳችሁት?» አሉ። እዚህ ላይ ሦስታችን ተያየን። ፀሐይ የገባችባቸው ፎቶዎች ምዕራብ መሆናቸው ግልጽ ነው። ያ ግራጫ መጋረጃ ያለበት ፎቶ ግን ፀሐይ የለበትም። አንዱ «ወደ ሰሜን ነው» አለ፣ አንዱ «የለም፣ ወደ ደቡብ» አለ፣ ሦስተኛው ዝም አለ። መገመት እንችል ነበር። ነገር ግን በግምታችን የሰው ግመል ሊነሳ ወይም ሊቀር ነው።

«አላወቅንም፣ አባባ።»

ሹፌራችን ተረጎመ። አዛውንቱ ትንሽ ዝም ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። «አላወቅንም ማለታቸውም ዳጉ ነው፤ ሰዓቱን ነግረውናል፣ የቀረውን ከሌላ እንጠይቃለን» ነው ያሉት። ከዚያ ወደ ጎረቤት ዳስ ሄዱ። ሌሊቱን ሰዎች ሲመላለሱና ሲነጋገሩ ሰማን። ንጋት ላይ ግመሎቹ ሳይጫኑ ተንበርክከው ነበር።

ግቢ ስንመለስ መኝታ ክፍላችን በሰው ሞላ። «እንዴት ያለ ሰማይ ነው!» ያላለ የለም። ያቺን ግራጫ ፎቶ ግን ሁሉም እያለፈ ሄደ። እኛ አሳትመን ከአልጋው በላይ የሰቀልነው እሷን ነው። ከጀርባዋ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍን። «አቅጣጫ» ብለን ጀምረን የተውነው መሥመር ባዶውን አለ።

ለዕረፍት የምትወጡ ጓደኞቻችን፣ ካሜራ ያላችሁም ስልክ ያላችሁም፣ አደራ! ቀጭ ከማድረጋችሁ በፊት ወዴት እንደዞራችሁ እወቁ። መንገድ ላይ የሚጠይቃችሁ ሰው ይኖራል።