የመስቀል ክትፎ እውነት ይጣፍጣል?

የበዓል ምግብ ሁሉ «ይጣፍጣል» ይባላል። ያልወደድነውን አመስግነን የዋጥንበት ቀን ግን ጥቂት አይደለም። እስኪ ዛሬ በግልጽ እንነጋገር፤ የጉራጌ የመስቀል ገበታ በእርግጥ ይጣፍጣል ወይስ የሚጣፍጠው በዓሉ ነው?

መልሱን አገሩ ድረስ ሄደው ቢፈልጉት ይሻላል። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፈው 155 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ወልቂጤ ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ እምድብር ሲያመሩ ጀፎረ የሚባለው ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር መንገድ፣ በግራና በቀኙ ጎጆዎች፣ ከጎጆዎቹ ጀርባ ደግሞ እንሰት ይቀበልዎታል።

ከባለቤቴ ጋር ስንሄድ ቆጮውን ለብቻው ቀመስኩት። ይጎመዝዛል፤ ጠረኑም ላልለመደ ሰው ይከብዳል። ፊቴን ያዩ አንዲት እናት «ለብቻው ብዪ ማን አለሽ?» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው። ሴቶቹ የእንሰቱን ግንድ ፍቀው፣ ሥሩን ቀጥቅጠው፣ በኮባ ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ለወራትም ይብላላል። ጉምዛዜው ከዚያ የመጣ ነው። ክትፎው በበኩሉ በቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ የታሸ ቀይ ሥጋ ስለሆነ ብቻውን ቶሎ ያጠግባል። አብረው ሲጎረሱ የቅቤውን ክብደት ጉምዛዜው ያቀልለዋል። እንሰት ፕሮቲኑ አነስተኛ በመሆኑም ሥጋውና አይቡ ጉድለቱን ይሞሉለታል።

ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠው ከእርዱ ቀደም ብሎ የሚቀርበው ጎመን ክትፎ ነው። (ባለቤቴ በዚህ አይስማማም።)

ልጆች ይዘው ከሄዱ በደንብ የበሰለውን ይጠይቁላቸው። የኮሶ ትል የሚተላለፈው በጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፤ ለብ ለብ ማድረጉም አያስተማምንም። ይህን ስለጠየቁ የሚቀየም የለም።

የሚያስቀይመው ሌላ ነው። ከተማ ያደጉ ልጆች ቆጮውን ወደ ዳር ገፍተው ክትፎውን በዳቦ ሲበሉ አይቻለሁ። የወራት ድካሟ የተገፋባት አያት አይታ ዝም አለች። እርስዎ ክትፎው በጣባ፣ ከቀንድ ማንኪያ ጋር ሲቀርብልዎ መጀመሪያ ከቆጮው ይቁረሱ።