ዳማን ማጠብ

ግንቦት 4 ቀን 2010፣ ቅዳሜ

ሙቀት። ገና በጠዋቱ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ውሻችን ዳማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ አደረ። ጆሮውን ገልጬ አየሁ። መዥገር፤ ጠግቦ ባቄላ ያከለ። በጣቶቹ መሀልም አለ። ልጄ ደግሞ አንገቱን አቅፎት ነው የሚውለው።

አጥበዋለሁ ስል አክስቴ ገረማቸው። «ውሻን የሚያጥበው ክረምት ነው» አሉ። ለእሳቸው ውሻ የደጅ ነው፤ ጅብ ካባረረ በቃ።

ግንቦት 6፣ ሰኞ

ቧንቧው ደርቋል። በርሜሉ ተጋምሷል። ለሰው ያልበቃ ውሃ ለውሻ? ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ልጄ ሮቢ ወንዝ እንውሰደው ይላል። ሮቢ አሁን አሸዋ ነው፤ ያለችውን ውሃ ከብት ይጠጣት። ደግሞ በደጋው፣ በጣርማ በር በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እዚህ ጠብ ሳይል ደጋ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። አይሆንም አልኩት። አኮረፈ።

ግንቦት 7፣ ማክሰኞ

እንስሳት ክሊኒክ። ባለሙያው ትዕግሥተኛ ነው። የከብት መርጫ እንዳለ አትቀቢው፣ ውሻ ራሱን ይልሳል አለኝ። ነጭ ጋዝም ቆዳ ያቃጥላል። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ፤ በጣት አለመጨፍለቅ። መዥገር በግድግዳ ስንጥቅም ስለሚፈለፈል ማጠብ ብቻውን አይበቃም። የእብድ ውሻ ክትባቱ በየዓመቱ።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ የኒም ቅጠል ቀቅለሽ እጠቢው ይላሉ። ይሠራ ይሆን?

ግንቦት 9፣ ሐሙስ

ረመዳን ገባ። ሌሊት ውሃ መጣ፤ ሁሉም ዕቃ ሞላ።

የግቢያችን ውሃ ወደ ጎረቤቴ ደጅ ነው የሚወርደው። እዚያው ትሰግዳለች። ሳላጥበው ሄጄ ነገርኳት። ብትከፋስ ብዬ ፈርቼ ነበር። «የእሱ እርጥበት ከነካኝ ሰባት ጊዜ ነው የማጥበው፣ አንዱን በአፈር» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፦ «እጠቢው እህቴ፣ እሱም ነፍስ አለው። ብቻ ወደ ፓፓያው በኩል አርጊው።»

ወደዚያ ቦይ ቀደድኩ።

ግንቦት 12፣ እሁድ

ታጠበ። ፀሐይ ለብ ያደረገው ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ መጨረሻ ላይ ኒሙ። ከእግሩ ጀመርኩ፤ ፊቱን በጨርቅ ብቻ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። አንገቱ ሥር ሳሽ ግን ዓይኑን ጨፈነ። ከሥሩ የወረደው ውሃ ቡና ይመስላል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው ሌሊት የሚጠብቀን።

ሲለቀቅ ሮጦ አቧራ ላይ ተንከባለለ። ልጄ ሊያለቅስ ደረሰ።

ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ልጆቿን ወደ ቤት ሰበሰበቻቸው። በጾም አፏ ሥራ ጨመርኩባት መሰለኝ። ማታ ሳምቡሳ ላከችልን።

ግንቦት 16፣ ሐሙስ

እከኩ ቀንሷል። ከኒሙ ይሁን ከወረንጦው አላወቅሁም። ዛሬ ግን ጆሮው ውስጥ ሁለት አዲስ አገኘሁ፤ ገና ትንንሽ። ከግድግዳው ይሆናል። ነገ ስንጥቁን በጭቃ መምረግ፣ የሚተኛበትን ማዳበሪያ ከረጢት አቃጥሎ ሌላ ማንጠፍ።

ልጄ አሁን ንጹሕ ስለሆነ ቤት ይደር ብሏል። አክስቴ አይሰሙም። እኔም አልወሰንኩም።