አፍዝ አደንግዝና ሦስት ካርታ

ሰፈራችን ላምበረት ይባላል። ላም የለም፣ በረትም የለም። ያለው ወደ ሰሜን የሚወጣ አውቶብስና ሻንጣ የተሸከመ ሰው ነው። ላሚቱን ማን እንደሰወራት አናውቅም፤ እኛ ግን መሰወር የጀመርነው በሳንቲም ነው። መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ሦስታችን ጀበና ቡናችን ጋ ተደርድረን፣ በቀረችን የስልክ ቻርጅ ዩቲዩብ ላይ አንድ ፈረንጅ ሳንቲም ሲያጠፋ አየን። እንሞክረው ተባባልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ አንድ ብሩን ሳንቲም በቀኝ ጣቶቻችሁ ትይዛላችሁ፣ ወደ ግራ መዳፍ የጨመራችሁት መስላችሁ እዚያው ቀኝ እጃችሁ ውስጥ ታስቀሩታላችሁ፣ ግራችሁን ትጨብጣላችሁ። እጅ በጥቂት ቀን ይለምዳል። አስቸጋሪው ዓይን ነው። ባዶውን ጭብጥ ሳንቲም እንዳለበት አድርጋችሁ እናንተው ካላያችሁት ማንም አያይላችሁም። ሰው የሚከተለው እጃችሁን ሳይሆን ዓይናችሁን ነው። ለዚህች ብቻ ሦስት ሳምንት መስታወት ፊት ቆመናል (ቤተሰብ «ምን ነካቸው?» ማለቱ አልቀረም)።

ቀጥሎ ካርታ መጣ። ስትበውዙ የታችኛዋን በጨረፍታ ታያላችሁ፤ ልብ ሰባት ናት እንበል። ሰውየው አንድ ካርታ መርጦ፣ አይቶ፣ ከሁሉም በላይ ያስቀምጣታል። ለሁለት ትቆርጡና የታችኛውን ክፍል ከላይ ትጭናላችሁ። አሁን ልብ ሰባት እሱ በመረጣት ካርታ ላይ ተኝታለች። ከላይ አንድ በአንድ ስትገልጡ ከሰባቷ ቀጥላ የምትወጣው የሱ ናት። በቃ ይኸው ነው። የቀረው ግንባር ማሸትና «ቆይ፣ እየታየኝ ነው» ማለት ነው።

ቡና የምታፈላልን እትዬ ግን አልሳቀችም። «በስመአብ! እናንተ ልጆች ይሄን ነገር ከየት ነው ያመጣችሁት?» ብላ አማተበች። ሒሳብ ስንከፍል ያንን ሳንቲም አልቀበልም አለች፤ ሌላ ሰጠናት። መቼም አንፈርድባትም። ምትሃት የሚለው ቃላችን ራሱ ብቻውን አይሄድም፤ ድግምትና መተት ይከተሉታል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ40 ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ተረት የነገሩን፣ በሐምሌ 2009 ያረፉት አባባ ተስፋዬ ከተረቱ ሌላ ምትሃትም ያሳዩ ነበር። እሳቸውን የፈራ ልጅ ግን አናውቅም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከዚህ ፍርሃት አልዳኑም ነበር። ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ በ1584 እ.ኤ.አ. ሰው ጠንቋይ ነህ እየተባለ በሚሰቀልበት ዘመን መጽሐፍ ጽፎ፣ ሳንቲምና ካርታ እንዴት እንደሚሰወር አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ሥራው የጣት እንጂ የሰይጣን እንዳልሆነ ለማሳየት ነበር።

ይህን ሁሉ የምናወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ጀበና ቡናው ጋ አልፎ አልፎ አብሮን የሚቀመጥ፣ ከወሎ የመጣ የቀን ሠራተኛ ልጅ አለ። ለእናቱ ሊልክ ያጠራቀመውን 1,800 ብር መንገድ ዳር «ቀይዋን ያየ!» የሚሉ ሰዎች በልተውታል። እሱ ግን በቁማር ተበላሁ አይልም። «አፍዝ አደንግዝ አድርገውብኝ ነው፤ በዓይኔ ያየኋት ቀይ ካርታ እንዴት ጥቁር ትሆናለች?» ነው የሚለው። ይባስ ብሎ ድግምቱን አከሽፍልሃለሁ ላለው ሰው ሌላ 500 ብር ሊከፍል አስቧል።

ሦስት ካርታ አወጣን፤ ሁለት ጥቁር፣ አንድ ቀይ። በአንድ እጅ ሁለቱን ደራርበን ያዝን፤ ቀይዋ ከታች ናት፣ አሳየነው። «አሁን የትኛዋ ናት የምትወድቀው?»

«የታችኛዋ።»

ጣላት ብሎ ሲያስብ የወደቀችው የላይኛዋ ናት። ጣት ትንሽ ላላ ይላል፣ እጅ ከግራ ወደ ቀኝ ይጠርጋል፣ ዓይን የታችኛዋን ተከትሎ ይሄዳል። በፍጥነት አደረግነው፤ ተሳሳተ። በዝግታ አደረግነው፤ አየው። «እንደገና» አለ። አምስቴ፣ ስድስቴ ካደረግነው በኋላ ካርታውን ተቀብሎ ሲሚንቶ በበላው ጣቱ ራሱ ሞከረ። እትዬም ከረከቦቱ ጀርባ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

ሦስቱን ካርታ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዝም አለ።

«እሺ፣ ከኔ በፊት ደጋግሞ የበላው ሰውዬስ?»

«የእነሱው ሰው ነው።»

«የወንዝህ ልጅ ነኝ፣ ግባበት ያለኝስ?»

«እሱም።»

ረጅም ጊዜ መሬት መሬቱን አየ። «ሻይ በዳቦ ጋብዞኝ ነበር እኮ» አለ።